ጀርባውን የሰጠው ቀዛፊ

«አልመጣም!»

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐይቁ ዳር አዲስ በተሠራው የእግረኛ መንገድ ላይ ቀስ እያልሁ ስሄድ ነው ይህ ቃል ከኋላዬ የመጣው። ዞር ስል ራሱ ጥጥ የመሰለ፣ ከዘራ የተመረኮዘ ሰውዬ በፈገግታ ቆሟል። ፊቱን አላወቅሁትም። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ አወቀው። «መጥቷል!» አልሁት፤ ያውም ጮክ ብዬ፣ ፎቶ የሚነሡት ወጣቶች ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ። ከዚያ ሁለት ሽበታሞች መንገድ መካከል ተቃቅፈን እንደ ልጅ ሳቅን። መላኩ ነበር፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ጓደኛዬ። ስንት ዘመን ሳንተያይ ቆይተን፣ እንደምን ከረምሽ እንደምን ከረምህ ሳንባባል፣ ያን ጊዜ ካቆምንበት ክርክር ቀጠልን። ለዚህ ሰው የምነግረው ነገር ነበረኛ! ለብዙ ዓመታት ይዤው የዞርሁት፣ ክርክሩን የምረታበት ማስረጃ።

የመጣው ወይም ያልመጣው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጆን የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ነው። እኔም መላኩም በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ ሽፋኑ በተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። በእሱ የተነሣ ግን ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ቦኖ ውኃ የሚቀዱ የሰፈራችን ሴቶች ተኳርፈው ነበር፤ እናቴም ከሁሉም በላይ የምትሳሳለትን ነገር ከሣጥኗ አውጥታ ነበር።

ያኔ ባሕር ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር የምታልቅ፣ ብስክሌት ያለው ሰው ጌታ የሚባልባት ከተማ ነበረች። ብስክሌት በሰዓት በሽልንግ ይከራያል። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ሻይ አሥራ አምስት፣ የተጠበሰ ቆሮሶ እስከነጭንቅላቱ ስሙኒ። ዛሬ ያንኑ ዓሣ ልብላ ብዬ ሐይቁ ዳር ስቀመጥ፣ አስተናጋጁ ዋጋውን ሲነግረኝ ዓሣው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተመረቀ ይመስለኛል። መንገድ ዳር የቆሙት ዘንባባዎች ገና ልጆች ነበሩ። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ አስፋልቱን የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ሙዚቃ ቤቱ ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፤ ሸክላው የሚያለቅስለትን ፍቅር ሁሉ ያጡት እነሱ ይመስል ይተክዛሉ። እኛ የፋብሪካ ሰፈር ልጃገረዶች ደግሞ ከሩቅ እንታወቃለን። አባቶቻችን የሚሠሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቁራጭ ጨርቅ ለሠራተኛው በርካሽ ስለሚሸጥ፣ በዚያ ዓመት የወጣው አበባ ምንም ይሁን ምን ሁላችንም ያንኑ አበባ ለብሰን እንወጣለን። የየቤታችን መጋረጃም ያው ነበር። መላኩ ክፍል ስንገባ «መስኮቶቹ መጡ» እያለ ይስቅብናል። ጊዜው ጥሩ ነበር አልልም። ሰልፉ ብዙ፣ ሹክሹክታው ብዙ፣ ከቤቱ ወጥቶ የማይመለሰውም ብዙ ነበር። እኛ ግን ልጆች ነበርን፤ ሁሉ ነገር ያስደስተናል።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር ተካ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። እኛ በላብ ስንጠመቅ እሱ በረደኝ ብሎ ሹራቡን አያወልቅም። ለክፍሉ ሁሉ የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ፣ ዐርብ ዐርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ምዕራፍ እየተወነ ያነብልናል። ነፋሱን በአፉ ያነፍሳል፤ በሩን በጠረጴዛው ያንኳኳል፤ ያልገባንን በአማርኛ ያቃናልናል። ሲጨርስ ማንም ቀድሞ እንዳያነብ መጽሐፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ከዚያ ያችን ጥያቄውን ያመጣል፦ «ምን ተሰማችሁ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀን አናውቅም። እኛ የምናውቀው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ በፈተና ቀን መልሶ ማስረከብ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ተነሥታ «ደራሲው ሊያስተላልፉ የፈለጉት መልእክት» ብላ ስትጀምር መምህር ተካ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። «አቦ ደራሲውን ተዪው! እሱ የሚለውን ብሎ ጨርሷል። አንቺ፣ አንቺ ምን ሆንሽ?» ልጅቷ ግራ ገብቷት «ደኅና ነኝ» ብላ ተቀመጠች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በአማርኛ ወሬኛ፣ በእንግሊዝኛ ግን ዲዳ ስለነበርሁ አፌን አልከፍትም። ውስጤ ግን እንደተጣደ ሽሮ ይንተከተክ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጆን ሚስቱ የሞተችበት ቀዛፊ ነው፤ ሜሪ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ከባሕሩ ዳር ከፍ ያለ ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ ለመርከቦች የሚበራ መብራት አለ፤ መብራቱን መለኮስ የሜሪ ሥራ ነው። አንድ ቀን ጆን ከማዶ ካለ ደሴት መድኃኒት ሊያመጣ ይሄድና ማዕበል ይነሣል። በቃ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ሙሉ ልጅቷ መብራቷን እያበራች አባቷን ትጠብቃለች። ጣና ሲያጓራ እየሰማን ላደግን ልጆች ይህ ስለ እኛ የተጻፈ ነበር! ሰው በእንግሊዝኛ የሚፈራው ፍርሃት እኔ በአማርኛ የምፈራው ፍርሃት መሆኑን ሳውቅ ልቤ ዘለለ። ዐርብ እስኪመጣ ድረስ ቀኑ አልነጉድ ይለኛል።

ዐርብ ማታ ባልዲዬን ይዤ ቦኖ እወርዳለሁ። ቦኖው ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ወረፋው ረጅም፣ ውኃው ቀጭን። አጠገቤ ለተሰለፈችው ጎረቤቴ ብዬ የጀመርሁትን ወሬ ብዙም ሳይቆይ ወረፋው ሁሉ ይሰማው ጀመር። ተራቸው የደረሰ ሴቶች ታሪኩ እንዳያመልጣቸው «አንች እለፊ፣ አንች ቅጂ» እያሉ ለኋለኞቹ ይለቃሉ፤ ቦኖ ላይ ሰው ተራውን በፈቃዱ ሲለቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስተርክ የሌለንን ባለን እተካለሁ። ዓሣው ቆሮሶ ሆነ፤ ብርዱ የጉና ብርድ ሆነ፤ ባሕሩን እናቴ «ጣና በይው በቃ» አለችኝና ጣና ሆነ። መምህር ተካ ወባ ይዞት የቀረ ዐርብ የተቆጡት እኔን ነው። አንዷ «ሂጅና ቀስቅሽው እንጅ፤ ልጅቱን ጨለማ ላይ ትቷት ይተኛል?» አለችኝ።

እናቴ የሺ የጎርጎራ ሰው ናት። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ አዳነ አንድ ጠዋት ከዘጌ ቡና ሊያመጣ በታንኳ ወጣ፤ አልተመለሰም። ታንኳውም አልተገኘ፣ እሱም አልተገኘ። ዳር ቆማ ስትሸኘው በመጨረሻ ያየችው ጀርባውን ነው፤ መቅዘፊያውን ግራ ቀኝ እያጠለቀ፣ ፊቱን ወደ ዘጌ አድርጎ ሲሄድ። ሬሳ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካር አላወጡም። እናቴ አግብታ ባሕር ዳር ከመጣች በኋላ በመጀመሪያ ባጠራቀመችው ገንዘብ የገዛችው ጥልፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር፤ አዳነ የተመለሰ ቀን ዘጌ ወስዳ የምታስገባው ስለት። ጥላው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥኗ ውስጥ ተቀመጠ። እኛ ቤት አዳነ ሞተ አይባልም፤ አዳነ ይመጣል ማለትም እያደር ቀርቶ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ብቻ ሁላችንም ዝም እንላለን።

ማዕበሉ የተነሣበትን ምዕራፍ በተረክሁበት ማታ እናቴ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሐይቁ ዞረች።

«እመቤቴ፣ ይህን ሰው ለልጁ በሰላም አግቢላት። ካገባሽላት ያን ጥላዬን ይዤ ዘጌ እመጣለሁ።»

ከተሰለፉት መካከል የትኛውን ጥላ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«ኧረ የሺ፣ ምን ሁነሽ ነው? ለፈረንጅ?» አለቻት ጎረቤታችን።

«ውኃ ላይ ላለ ሰው ፈረንጅ ሐበሻ የለውም» አለች እናቴ፤ ባልዲዋን አነሣች።

ከዚያ ወዲህ ዐርብን በጉጉትም በፍርሃትም እጠብቅ ጀመር። ጆን ቢሞት ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ? አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ደራሲ የእናቴ ሣጥን ውስጥ እጁን አስገብቷል። እሱ ይህን ያውቃል? አያውቅም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ማለዳ ነው፤ ጉም ነው። ሜሪ ከግንቡ ወርዳ ወደ ውኃው ትሮጣለች። ጀልባዋ ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ጀልባዋ ቀረበች። ውስጧ አንድ ሰው ይቀዝፋል፤ ሜሪ የምታየው ግን ጀርባውን ብቻ ነበር። መምህር ተካ መጽሐፉን ዘጋ።

«ከዚያስ?» አልን በአንድ አፍ።

«አለቀ።»

ተነሣንበት። «ተገንጥሏል! ገጽ ጎድሏል!» ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ማን ያምናል? መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፉን በእጃችን ሰጠን፤ ስፌቱን አገላብጠን መረመርን። ከመጨረሻው መስመር በታች ትንሽ መልሕቅ ተሥላለች፤ ከእሷ በኋላ ባዶ ገጽ። እውነትም አልቋል። «እንግዲህ እናንተ ንገሩኝ» አለ መምህር ተካ ሹራቡን እያስተካከለ። «ጀልባዋ ውስጥ ያለው ማን ነው? የሚመጣው ዐርብ እያንዳንዳችሁ በእንግሊዝኛ የተሰማችሁን ትናገራላችሁ። ያልተናገረ ማርክ የለውም።»

መላኩ ዐርብን አልጠበቀም። «አልመጣም!» አለ። «ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይመጣል? ጣና ላይ እንዲህ ያለ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱ ወደሚሄድበት ነው። ይሄ ሰውዬ እየሄደ ነው!» ሁላችንም በመስኮት ወደ ሐይቁ አየን። አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ገበያው ይመጣል፤ ቀዛፊው ፊት ለፊት ያየናል። መላኩ ልክ ነበር! መምህሩን አየነው። እሱ የባቡር አገር ሰው ነው፤ ጀልባ ያየው እዚህ ሲመጣ ነው። «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ እኛኑ ጠየቀን። ክፍሉ «መጥቷል» እና «አልመጣም» ተባብሎ ተሰነጠቀ። እኔ ከመጥቷል ወገን ሆንሁ፤ ማስረጃችን «ጀልባዋ ቀረበች» የምትለው ብቻ ነበረች። መላኩ ለእሷም መልስ አላጣም፤ ማዕበል ወደ ኋላ ይገፋል አለ።

ማታ ቦኖ ላይ የመጨረሻዋን መስመር ስናገር የእናቴን ፊት ማየት ፈራሁ።

«ጀርባውን ነው ያየችው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

ውኃ ሳትቀዳ ወደ ቤት ሄደች። ሴቶቹ ስለቱ ይገባል አይገባም ብለው ተነታረኩ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ እስከ ፋሲካ አልተነጋገሩም። በማግሥቱ እናቴ መልእክት ሰጠችኝ፤ «ለመምህርሽ እንዲህ በይልኝ፦ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይህ ሰው መጣ ወይስ አልመጣም?» ሰኞ ለመምህር ተካ ነገርሁት፤ የጥላውንም ነገር፣ የአዳነንም ነገር ዘረዘርሁለት። ከቀልዱ ሁሉ ወጣ። «እሳቸውስ ምን ይላሉ?» አለኝ። ይችን ይዤ ተመለስሁ። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ በጓዳና በሳሎን ስትመላለስ ሰነበተች።

ሐሙስ ጠዋት ሣጥኗ ተከፍቶ አገኘሁት። «ልበሽ» አለችኝ፤ «ትምህርት ቤቱ ለአንድ ቀን አይፈርስም።» ጥላውን እንደ ጨቅላ አቅፋ በሞተር ጀልባ ተሳፈረች። እስከ ዘጌ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ውኃውን ታያለች። ከወደቡ በቡናው ጥላ ሥር ሽቅብ ስንሄድ ጦጣዎቹ ከላያችን ይዘላሉ፤ እኔ ከደስታና ከፍርሃት የትኛው እንደሚያስሮጠኝ አላውቅም ነበር። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ከደጀ ሰላሙ ተቀበሉን።

«ስለቱ ስለ ማን ነው ልጄ? የክርስትና ስም?»

«ስለ ወንድሜ ነው አባ። ወልደ ገብርኤል ይባላል። ደግሞ ዮሐንስ የሚባል አለ፤ እሱንም ይጨምሩልኝ።»

ጆን ማለት ዮሐንስ ነው ብሎ መምህሩ የነገረንን እኔው ነበርሁ የነገርኋት። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በሕይወት ያሉ ናቸው ወይስ ያረፉ? ጸሎቱ ይለያያል እኮ።»

ይህች የክፍላችን ጥያቄ ናት! ያች ክፍሉን የሰነጠቀችው ጥያቄ ራሷ ዘጌ ድረስ ተከትላን መጣች። እናቴ ግን አላመነታችም።

«የደረሱ ናቸው አባ። ስለት የሚገባው ለደረሰ ሰው አይደል? እኔ ይኸው አስገባሁ። እንግዲህ ደርሰዋል።»

ቄሱ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ ጥላውን ተቀብለው ዘረጉት፤ ወርቃማው ዘርፍ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቱን ስሞች አከታትለው ጠሩ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እንዲያ ያለ እልልታ በሠርግም በጥምቀትም ሰምቼ አላውቅም። በመመለሻችን አፏ ተፈታ፤ አዳነ እንዴት ያፏጭ እንደነበር፣ ዓሣ ሲበላ አጥንቱን ለእሷ እየለቀመ እንዴት ያጎርሳት እንደነበር፣ ባሕር ዳር እስክንደርስ ነገረችኝ። ስሙን እንደልቧ ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዐርብ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «ሂ ኬም፣ ሰር» አልሁ። እንግሊዝኛዬ እዚያ ላይ አለቀች። የቀረውን በአማርኛ ዘረገፍሁት፤ ጥላውን፣ ቄሱን፣ እልልታውን። መምህር ተካ ሹራቡን ያወለቀው ያን ቀን ብቻ ነው፤ አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። መላኩ ግን እጁን አወጣ። «ጥላ ማስረጃ አይሆንም» አለ። ቀጥሎ ተራው ነበርና ከሁላችንም በተሻለ እንግሊዝኛ፣ መጠበቅ ሰልችቶኛል አለና ተቀመጠ። አባቱ ወደ ሰሜን እንደዘመተ፣ እናቱም ማታ ማታ የእሱን ድርሻ መሶብ ላይ እንደምታስቀምጥ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ተበታተንን። እኔ አዋላጅ ነርስ ሆንሁ፤ የሚመጣውን ሰው ስቀበል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ታዲያ አንድ ቀን ቤታችን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን ስናይ፣ በውጭ አገር የጀልባ ውድድር መጣ። ጮህሁ! ቀዛፊዎቹ በሙሉ ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት! ፈረንጅ ሲመጣ የሚታየው ጀርባው ነው! «እማዬ፣ እየመጣ ነበር! ያ ሰውዬ እየመጣ ነበር!» እያልሁ እናቴን ወዘወዝኋት። አርጅታ ነበር፤ ዓይኗን ከመቁጠሪያዋ አላነሣችም። «ምን ያስጮህሻል?» አለችኝ። «እኔ እኮ ያኔ አስገብቼዋለሁ።»

እንግዲህ እሑድ ለመላኩ ልነግረው የቸኮልሁት ይህን ነው። የዘጌ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥሁትና፣ በሁለት እጄ አየሩን እየቀዘፍሁ ሁሉን ነገርሁት። ከጎናችን ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ስፖርት የምሠራ ሳይመስላቸው አልቀረም። መላኩ ፈገግ ብሎ አስጨረሰኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እኔም በቴሌቪዥን አየሁት። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምነው አልመጣም ትላለህ?»

«አንድ ሰው እየመጣ ነው፤ እሺ፣ ረታሽኝ። ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም፣ ትርንጎ።» ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «አባቴ አልመጣም። እናቴም እንደጠበቀች አረፈች።»

ስንት ዓመት የተሸከምሁት ማስረጃ እጄ ላይ ቀለለ። ያኔ ከወደ ዘጌ የምትመጣዋ ጀልባ ጥሩምባዋን ነፋችና ዳሩን ተጠጋች፤ ሰዎች ቡናቸውንና ዶሮአቸውን ይዘው መውረድ ጀመሩ። እኔ እንደ ልማዴ የሚወርዱትን ለማየት ልነሣ ስል መላኩ ቀደመኝ። ከዘራውን አግዳሚው ላይ ትቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ፣ የመጨረሻው እስኪወርድ ድረስ ያይ ነበር።